የቄሣር ሳንቲም በዘውዴ ጓሮ

ታላላቅ ሰዎች ታላላቅ ነገሮችን የሚያገኙት ሌላ ነገር ሲፈልጉ ነው። ይህች የምንኖርባት የኦሃዮዋ ኮሎምበስ ከተማ ስሙን የወረሰችው መርከበኛ እንኳ ህንድን ሊፈልግ ወጥቶ፣ መንገድ ስቶ፣ ሰው ሞልቶ የተቀመጠበትን አገር «አገኘሁ» ብሎ ነው እስከ ዛሬ ስሙ የሚጠራው። እንግዲህ የኢስትሙር ሰፈሩ ዘውዴም የሚስቱን የጋብቻ ቀለበት ሲፈልግ የሮማን ቄሣር ቢያገኝ አይገርምም። ቀለበቱን መርሳቱም ቢሆን በትንሽ ሰው ዓይን ካልታየ በቀር የሚያስወቅስ አይደለም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እናንሳው። ዘውዴ ካናል ዊንቸስተር ውስጥ ባለ አንድ ዌርሃውስ ፎርክሊፍት ይነዳል። ኦቨርታይም ሲመጣ እምቢ የማይል፣ ከሰው የማይጣላ ሰው ነው። ሱፐርቫይዘሩ ስሙ ቢከብደው «ዚ» ብሎ ይጠራዋል፤ ዘውዴም ይኸው ስንት ዓመቱ፣ በአንዲት ፊደል ተጠርቶ ይኖራል። ባለቤቱ ዓለምነሽ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትንከባከባለች፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ የሰንደይ ስኩል አስተማሪ ናት። ባለፈው ሰመር ልጆቹን ሰብስባ ቤታቸው ጓሮ ስታስተምር ዋለችና እጇን ስትታጠብ ቀለበቷ የለም። ዘውዴ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር። ልጆቹ ጓሮው ውስጥ ምን ሲማሩ እንደዋሉ አልጠየቀም። «አይዞሽ፣ እኔ አገኘዋለሁ» ብቻ አለ።

እንዲህ ብሎ የሚረሳ ባል ሞልቷል። ዘውዴ ግን ቃሉን አክብሮ ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ ሜታል ዲቴክተር ገዛ። የሚያስቸኩል ነገርም ነበረው። የተጋቡበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ስለደረሰ፣ ፓስተሩ በጉባኤው ፊት አቁመው ቃል ኪዳናቸውን ሊያሳድሷቸው፣ ዘውዴም ቀለበቱን ዳግመኛ ሊያጠልቅላት ፕሮግራም ተይዟል።

«ሌላ ብገዛልሽስ?» ብሏት ነበር።

«እኔ የምፈልገው ያንን ነው» አለች ዓለምነሽ። «ያን ጊዜ ቤሳ ሳይኖርህ ተበድረህ የገዛኸውን። የታክሲ በር ያጎበጠውን።»

ለማንኛውም ባል ከዚህ በላይ ግልጽ ትእዛዝ የለም። ስለዚህ ዘውዴ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ጓሮ ወጣ። ማሽኑ ጮኸ፤ ቆፈረ፤ የጠርሙስ ክዳን ወጣ። ማሽኑ ጮኸ፤ ቆፈረ፤ የዛገ ሚስማር ወጣ። በሦስተኛው ግን አረንጓዴ የለበሰች ትንሽ ክብ ነገር ወጣች። በምራቁ ቢወለውላት ራሱ ላይ ቅጠል ያሰረ ባለ ትልቅ አፍንጫ ሰው ወደ ጎን ያያል። እሷ ካለችበት አጠገብም ሌላ አለች። ዘውዴ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። ሰውየው የሮማ ቄሣር ነው።

ዓለምነሽ ይህን ጊዜ እዚያው ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዘውዴ ግን ታሪካዊ ነገር ለሚስት እንደማይነገር በደመ ነፍስ ገብቶት ጋሼ መንግሥቱ ጋ ኮል አደረገ። ጋሼ መንግሥቱ የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። አገር ቤት የመምሪያ ኃላፊ ስለነበሩ ዛሬም ሰላምታቸው አጀንዳ አለው።

«ጋሼ መንግሥቱ፣ ጓሮዬ ውስጥ የሮማ ሳንቲም አገኘሁ።»

«ማን ማን ያውቃል?»

«እርስዎና እኔ።»

«ምንም እንዳትነካ። ኮሚቴ እናቋቁማለን።»

ሌላው ሕዝብ ሀብት ሲያገኝ ባንክ ይሄዳል፣ ችግር ሲያገኝ ፖሊስ ይጠራል። እኛ የቱ እንደሆነ እስኪለይ ድረስ አንቸኩልም፤ ለሁለቱም ኮሚቴ እናቋቁማለን። በማግስቱ ዘውዴ ሳሎን ውስጥ «የኢስትሙር ጥንታዊ ቅርስ አስጠባቂ ጊዜያዊ ኮሚቴ» ተመሠረተ። ጋሼ መንግሥቱ ሰብሳቢ ሆኑ። ታይፕ ማድረግ የምትችል ወጣት ስላስፈለገች ሔርሞን የምትባል የማኅበሩ አባል ጸሐፊ ሆነች። ለሳይንሱ ዘርፍ ደግሞ ዶክተር የአብሥራ ከከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ከአፐር አርሊንግተን ድረስ ተጠሩ። ዶክተሩ የተመረቁት በዶሮ መኖ ነው። ይሁንና ዶክተር ዶክተር ነው፤ ዶሮስ ብትሆን መሬት ጭራ አይደል የምታገኘው?

ዶክተሩ ሳንቲሙን በመነጽራቸው ላይ ሌላ መነጽር ደርበው አዩት።

«ሮማውያን ኦሃዮ መጥተው ያውቃሉ?» ሲሉ ጠየቁ።

«አያውቁም» አለ ጉባኤው።

«ሳንቲማቸው ግን እዚህ አለ። እንግዲህ ማን አመጣው? በዚያ ዘመን ከሮማ ጋር ይነግድ የነበረ፣ መርከብ የነበረው፣ አክሱምን የሚያህል ከተማ የሠራ ሕዝብ ማን ነው?»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ትሕትና ይዟቸው መልሱን ለመናገር ጥቂት ዘገዩ።

«ሌላም ማስረጃ አለኝ» አሉ ዶክተሩ። «አሜሪካ ውስጥ የጓሮ ብዛት ይቆጠራል? አይቆጠርም። ከዚያ ሁሉ ጓሮ የተገኘው ግን በማን ጓሮ ነው? በእኛ።»

በዚህ ማስረጃ መሠረት አያቶቻችን ኮሎምበስ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ኢስትሙር መጥተው እንደነበር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ዘውዴም «ተመራማሪ» የሚለው ማዕረግ ተሰጠው። «ተመራማሪ ዘውዴ» ሲሉት መጀመሪያ ከኋላው የቆመ ሰው ያለ መስሎት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ እሱ መሆኑ ገባው፤ ደረቱ ሞቀ።

ዓለምነሽ ሻይ ይዛ የገባችው በዚህ መካከል ነው። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሳንቲሞች አየችና ትሪውን አስቀመጠች።

«ስለ ሳንቲሞቹ አንድ ነገር ልበል?»

«እትዬ ዓለምነሽ» አሉ ጋሼ መንግሥቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «የእርስዎ ሐሳብ ለኮሚቴው እጅግ ይጠቅማል። ስለሚጠቅምም በሥነ ሥርዓት መቅረብ አለበት። በሚቀጥለው ስብሰባ ‹ልዩ ልዩ› በሚለው አጀንዳ ይያዝልዎታል።»

«እሺ። ቀለበቴስ? እዚያው ቦታ ነው የወደቀው።»

«አፈሩ ከዛሬ ጀምሮ አይነካም» አሉ ዶክተሩ። «አንድ ማንኪያ አፈር ከቦታው ቢነሳ የአንድ ሺህ ዓመት ታሪክ ይጠፋል።»

ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ዓለምነሽ ባሏን አየችው። ባሏ ሻዩ ውስጥ ስኳር ያማስላል። ስኳር አልጨመረም ነበር።

ጓሮው በቢጫ ቴፕ ታጠረ። በሚቀጥለው ስብሰባ የከተማዋ ስም እንዲለወጥ የሚጠይቅ ሐሳብ ቀረበ፤ «ቀድመን መጥተን ሳለ በኋላ በመጣ ሰው ስም መጠራታችን ነውር ነው» ተባለ። ማን እንበላት የሚለው ክርክር ግን እየሰፋ ሄደ። ግማሹ አዱሊስ ትባል አለ፣ ግማሹ አዲስ አክሱም አለ፣ አንድ ሰው የተወለደበትን ወረዳ ስም አቀረበ። «ልዩ ልዩ» ላይ ሳይደረስ ሰዓቱ አለቀ። ዓለምነሽ እጇን እንዳወጣች ቀረች።

እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብሮድ ስትሪት ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። ዓለምነሽ እዚያ ኮሚቴ አለመኖሩን አየችና ተናገረች።

«ዘውዴ፣ ሳንቲሞቹን የቀበርኳቸው እኔ ነኝ።»

ዘውዴ ዞር ብሎ አያት።

«ለልጆቹ በወንጌል ስላለው ስለ ጠፋው የድሪም ሳንቲም ላስተምራቸው ፈልጌ ነው። ሴትየዋ ድሪሟ ጠፍቶባት ቤቷን ጠርጋ ስላገኘችው። አንድ ከረጢት ኦንላይን አዘዝኩ። የእውነት የሮማ ናቸው፤ ሞልተው ስለተረፉ በርካሽ ይሸጣሉ። ቀበርኳቸው፣ ልጆቹ ፈልገው አገኙ፣ ያልተገኘው እዚያው ቀረ። ቀለበቴም እጄን አፈር ውስጥ ስከት ያን ጊዜ ነው የወለቀው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ።

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?» አለ ዘውዴ።

ዓለምነሽ ብዙ ዓመት አብራው ስለኖረች ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ገባት። ተናደደች፤ ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«አልነገርኩም፣ አልነግርም። ሞኝ ባያፍር የሞኝ ዘመድ ያፍራል። አንተ ራስህ ትነግራቸዋለህ። ቀለበቴን ደግሞ ከፕሮግራማችን በፊት አምጣልኝ።»

በዘውዴ መፍረድ አይገባም፤ ለመናገር ጋሼ መንግሥቱ ቤት ድረስ ሄዷል። በር ላይ ሳለ አፉ ተከፍቶም ነበር።

«እንኳን መጣህ፣ ተመራማሪ» አሉት ጋሼ መንግሥቱ። «በቅርሱ ምረቃ በዓል የምትሸለመው ካባ ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ ሊመጣ ነው። ወርቃማ ጥልፍ ያለው። ዘንድሮ ላንተ የምናለብሰው በዚህ ከተማ የመጀመሪያው ነው። ልክህን ብቻ ንገረኝ።»

ዘውዴ ስለ ሰንደይ ስኩል ሊናገር ነበር። ነገር ግን ሰኞ ዌርሃውስ ገብቶ እንደገና «ዚ» እንደሚባል ትዝ አለው። አፈረ፤ ደስም አለው፤ ሁለቱ በአንድ ደረት ተቃቅፈው ተቀመጡ።

«ኤክስ ኤል» አለ።

ይህን ጊዜ እውነቱ ከተማው ውስጥ ተደብቆ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። የሳንቲሙ ፎቶ በማኅበሩ ቴሌግራም ሲለቀቅ የቤተ ክርስቲያኑ ልጆች አይተው፣ «ዳት ኢዝ ፍሮም ሰንደይ ስኩል» ብለው ለወላጆቻቸው ተናግረዋል። ወላጆችም «ጎበዝ፣ አሁን ምሳህን ብላ» ብለው የራሳቸውን ንባብ ቀጥለዋል።

ዘውዴ ቢያንስ ቀለበቱን ላምጣላት ብሎ አንድ ጠዋት ማሽኑን ይዞ በቴፑ ሥር ሾለከ። ኮሚቴው ግን ለቅርሱ ደኅንነት ካሜራ አስተክሎ ኖሯል። ስልኩ ጠራ።

«ጋሼ ዘውዴ፣ ሶሪ» አለች ሔርሞን፣ «ካሜራው ሰው አየሁ ብሎ ሞሽን አለርት ላከልኝ። ከሳይቱ ትንሽ ራቅ ቢሉ?»

«የገዛ ጓሮዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ፐርሚሽን ከኮሚቴው ነው።»

ዘውዴ ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ገባ። ዓለምነሽ በኩሽናው መስኮት ቆማ አይታዋለች። ቁርሱን ሰጠችው። ባትሰጠው ይሻለው ነበር።

የምረቃው በዓል የዋለው ቅዳሜ ነው። የእነ ዘውዴ ፕሮግራም ማግስቱን እሁድ ነው። ጓሮው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ጮኾ ሰውን አስደነገጠ። ዶክተር የአብሥራ ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ የሾርባ ማንኪያና የቀለም ብሩሽ ይዘው በእንግዶች ፊት ይፋዊውን ቁፋሮ ጀመሩ። ያ አንድ ማንኪያ የሚያጠፋው የአንድ ሺህ ዓመት ታሪክ ለክብር እንግዶች ሲባል ለአንድ ቀን ታልፏል። ዶክተሩ ጥቂት ጭረው ቀና አሉ። መዳፋቸው ላይ ጭቃ የለበሰ ክብ ነገር አለ።

«ቀለበት ነው» አሉ ከፍ አድርገው እያሳዩ። «የንግሥት ቀለበት።»

አንድ ሰው የውሃ ጠርሙስ አቀበላቸው።

«ቅርስ አይታጠብም» ብለው መለሱለት።

ቀለበቱ ከነጭቃው በኬክ መሸፈኛ ብርጭቆ ተከድኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ እየተሰለፈ አየ። ተራው ሲደርስ ዘውዴም ጎንበስ ብሎ አየ። በአንድ በኩል ጎበጥ ብሏል። የታክሲው በር ያጎበጠው ነው። ያን ቀን ዓለምነሽ ጣቷን ይዛ ስታለቅስ እሱ ባለታክሲውን ሊደበድብ ሲነሳ፣ ባለታክሲው ደንግጦ ሒሳብ አልቀበልም ማለቱ ሁሉ ትዝ አለው።

ወዲያው ካባው ትከሻው ላይ ዐረፈ። ከበደ፣ ሞቀ፣ አማረ። ድምፅ ማጉያውን አስጨበጡት። ፊት ለፊቱ ዓለምነሽ ተቀምጣለች። አልተቆጣችም፤ ግራ እጇን ጉልበቷ ላይ አኑራ ታየዋለች። ጣቷ ባዶ ነው። ነገ በጉባኤ ፊት ያንን እጅ ሊይዝ ነው። ዘውዴ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ይሄ ቀለበት የሚስቴ ነው። ሳንቲሞቹንም የቀበረቻቸው እሷ ናት። ለሰንደይ ስኩል ልጆች። እኔም ከነገረችኝ ቆይቷል።»

ዘውዴ የሚመጣበትን ሊቀበል ዓይኑን ጨፈነ። የመጣው ጭብጨባ ነው። የጀመሩት ጋሼ መንግሥቱ ናቸው።

«ትሕትና ማለት ይህ ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ሌላ ሰው ቢሆን እኔ አገኘሁ ይላል። እሱ ግን ክብሩን ለትዳር አጋሩ ሰጠ።»

«ትሕትና አይደለም፣ ጋሼ። እውነቴን ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምንልህ፣ ልጄ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ኢስትሙር ላይ ግን ገና ሌሊት ነበር። ጭብጨባው አላቆም ሲል ዓለምነሽ ተነሳች። ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ የኬኩን መሸፈኛ አነሳች፣ ቀለበቱን ወሰደች፣ የውሃውን ጠርሙስ ከፈተች።

«እትዬ፣ ቅርስ አይታጠብም» አሉ ዶክተሩ።

«ይታጠባል» አለች ዓለምነሽ። አጠበችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው፣ ጣቷ ላይ አጠለቀችው።

ዶክተሩ ጣቷን አዩ። ጠጋ ብለው እንደገና አዩ።

«ልክ ሆነላት» አሉ በቀስታ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ከዘውዴ እጅ ተቀበሉ። «ወገኖቼ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ስንት ንግሥና ሲወርድ ስንት ንግሥና ሲወጣ ቆይቶ፣ ቀለበቱ ራሱ የንግሥቲቱን ዘር ፈልጎ አገኘ።»

እልል ተባለ። ካባው ከዘውዴ ትከሻ ተነስቶ ዓለምነሽ ላይ ተደረበ። ቁልቁል እስከ ጫማዋ ወርዶ መሬት ጠረገ። ዘውዴ ራሱ አንገትጌውን አስተካከለላት፤ ይህን ያህል ቀሎት አያውቅም። ዓለምነሽ በካባው ጫፍ ፊቷን ሸፍና ሳቀች፤ ስታለቅስ የመሰላቸው ሰዎች አብረዋት አለቀሱ።

«ጋሼ መንግሥቱ» አለች ሳቋን ስትጨርስ፣ «አሁን ‹ልዩ ልዩ› ላይ ደርሰናል?»

«ደርሰናል፣ ልዕልት።»

«ሳንቲሞቼን መልሱልኝ። ለዘንድሮ ልጆች ያስፈልጉኛል።»

«ይህን እንኳ» አሉ ጋሼ መንግሥቱ፣ «በማመልከቻ ቢያቀርቡልን።»

እሁድ በጉባኤው ፊት ዘውዴ ቀለበቱን አጠለቀላት። በጎበጠው በኩል የኢስትሙር አፈር ጥቂት ቀርቶበት ነበር። ፓስተሩ «ታከብራታለህ ወይ?» ሲሉት መልሱ ከሚገባው በላይ ጮክ ያለ ስለነበር የኋላ ወንበር ላይ የተኛ አንድ ሕፃን ቀሰቀሰ። ዓለምነሽም እጁን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

ሳንቲሞቹ አልተመለሱም፤ ጓሮውም ቅርስ ስለሆነ እስካሁን አይነካም። ስለዚህ የልጆቹ የሰመር ትምህርት ሲደርስ ዓለምነሽ ሌላ ከረጢት አዘዘች። ዶክተር የአብሥራ ቦታ መቸገሯን ሰምተው፣ «ለልዕልቲቱማ» ብለው አፐር አርሊንግተን ያለውን ሰፊ የሣር ጓሯቸውን ፈቀዱላት። በዚያን ቀን ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ነበር። ዓለምነሽ ቀለበቷን ቤት አስቀምጣ ሄደች፤ እንደ አምናው አስተማረች፤ ልጆቹም ፈልገው ብዙውን አገኙ። ሁሉንም ግን አላገኙም።

በቀደም ዶክተሩ ዘውዴ ቤት መጡ። ፊታቸው ፈክቷል፤ አንድ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ የጨበጡትን ነገር አያሳዩም።

«ያንን ማሽንህን ለጥቂት ቀን ታውሰኛለህ?» አሉ በሹክሹክታ። «ለጊዜው ለማንም እንዳትናገር። ነገሩ እስከ አፐር አርሊንግተን ሳይዘልቅ አልቀረም።»

ዘውዴ ማሽኑን አመጣላቸው። ደግ ሰው ነውና ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ግን የሚሆነውን አስቀድሞ ስላወቀ መልሶ ዘጋው።

«ቆይ፣ ዘውዴ» አለች ዓለምነሽ ከኩሽና። እጇን በፎጣ እየጠረገች ብቅ አለች፤ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ነው። «ባዶ እጃቸውን አትስደዳቸው። ካባውንም ጨምርላቸው። ኤክስ ኤል ነው፣ ይሆናቸዋል።»